ለሴት ልጆቻችን የእሑድ ከሰዓት ሜዳ ይከፈትላቸው

ይድረስ፦ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች፤ ለማኅበረሰብ ማኅበራት፤ ለአብያተ ክርስቲያናት ሰበካ ጉባኤዎችና ለመስጊድ ኮሚቴዎች፤ እንዲሁም ለኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ

የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ጉዳዬን ሳላንዛዛ ልናገር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል አንድ የኳስ ሜዳ እንፈልጋለን። ለሴት ልጆች። ከ6 ዓመት እስከ 14፣ ከቻልን እስከ 18። የምዝገባ ክፍያ የለውም። ትራይአውት (የመምረጫ ፈተና) የለውም። የመጣች ሁሉ ትጫወታለች። እናትና አባት ዳር ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለምን እንደምንፈልገውና ለምን እናንተን እንደምለምን ግን ትንሽ ጊዜ ስጡኝ።

የሁለት ሴት ልጆች እናት ነኝ። ሁለቱም ኳስ ይጫወታሉ። ትልቋ በክለብ ትወዳደራለች። እኔ ኳስ ተጫዋች አልነበርኩም። ልጅ ሳመላልስ ሜዳ ዳር ስቆም፣ ስቆም፣ የትንንሾቹ ቡድን ኮን የሚደረድርለት ሰው አጣ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ረዳት አሰልጣኝ ሆኜ ቀረሁ። አሁን መንገድ ላይ «ኮች!» ሲባል ዞር እላለሁ።

የክለብ ኳስን ለማታውቁ ጥቂት ልበል። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ በሳምንት ሦስት ማታ ልምምድ አላት። ቅዳሜ ወይም እሑድ ጨዋታ አለ፤ አንዳንዴ ሁለቱንም ቀን። ጨዋታው ሪችመንድ ሊሆን ይችላል። ደላዌር ሊሆን ይችላል። ኒው ጀርሲም ይኬዳል። የቤት ሥራ የሚሠራው መኪና ውስጥ ነው። እራት የሚበላው እዚያው ነው። ካልሲና ማሊያ የሚቀየረውም እዚያው ነው። ብርዱ ገብቶ ሜዳው ሲዘጋ ደግሞ ጂም ውስጥ ፉትሳል ይቀጥላል። የኔ መኪና ከጭቃና ከላብ ሽታ ከተገላገለ ስንት ዘመኑ።

ይህን ሁሉ ማንም አያስገድዳቸውም። ልጄን ለትምህርት ቤት ደጋግሜ ጠርቼ ነው የማስነሳት። የጨዋታ ቀን ግን ታኬታዋን ማታውኑ በር ላይ አስቀምጣ ትተኛለች፤ ሳልጠራትም ትነሳለች። ሌላ የማውቃት ልጅ አለች፤ በግራ እግሯ መምታት አቅቷት ነበር። የትምህርት ዕረፍቱን ሙሉ ከአፓርታማቸው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ በግራዋ ብቻ ስትለጋ ከረመች። ጎረቤት ለማኔጅመንት ከሰሰ። እሷም ወደ ፓርኪንጉ ወርዳ ቀጠለች። ትምህርት ሲከፈት ከግራ መስመር የሚሻገረው ኳስ ሁሉ የእሷ ሆነ። እናቷ ይህንን አላየችም። ማታ ሥራ ላይ ነበረች።

እንግዲህ ትጋት ከሆነ የሚጠየቀው፣ ልጆቹ ጋ አለ። የኛ ልጆች ግን ቀስ በቀስ ከሜዳው ይጠፋሉ። ከልጄ ጋር የጀመሩት የሀበሻ ልጆች ብዙ ነበሩ። በ7 እና በ8 ዓመታቸው ሜዳውን ሞልተውት ነበር። 13 ሲሞላቸው ግን እዚህም እዚያም አንዳንድ ብቻ ቀሩ። እርግጥ ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሴቶች ስፖርት ፋውንዴሽን ለዓመታት ሲናገር የኖረው ነገር አለ፦ ሴት ልጆች 14 ዓመት ሲሞላቸው ስፖርት የሚያቋርጡት ከወንዶቹ በእጥፍ ነው። የኛዎቹ ላይ ግን የራሳችን ምክንያት ተጨምሮበታል። የሚያደርሳት የለም። ክፍያው ከባድ ነው። «ሴት ልጅ አድጋ ኳስ ምንድን ነው?» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ዳር ቆሞ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ «ጎበዝ!» የሚላት ሰውም የለም።

አሁን አንድ ታሪክ ላስታውሳችሁ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ መጨረሻውን ነው ግን የምናወራው። እኔ መጀመሪያውን ነው የምፈልገው።

የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ተከላካይዋ ናኦሚ ግርማ በ2000 ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ ተወለደች። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው።) ወላጆቿ ከኢትዮጵያ የመጡ ናቸው። ኳስ የጀመረችው በ5 ዓመቷ ነው። የት ቢባል፣ አባቷና ሌሎች ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጆቻቸውን ሰብስበው ባቋቋሙት «ማለዳ» በሚባል ቡድን ውስጥ። ቅዳሜና እሑድ ቤተሰብ መናፈሻ ላይ ይገናኛል። ልጆች ወንድ ሴት ሳይባል ኳስ ያሳድዳሉ። ትልልቆቹ ያወራሉ፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ለውድድር የሚያዘጋጅ አካዳሚ አልነበረም። የወላጆቹ ሐሳብ ልጆቻቸው እርስ በርስ ይተዋወቁ፣ እኛም እንገናኝ የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ክለብ ገባች። ከዚያም ስታንፎርድ። በ2019 ከቡድኗ ጋር የኮሌጆችን ዋንጫ አነሳች። እዚያው እያለች የጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ ረጅም ጊዜ ከሜዳ ራቀች። ግን ተመልሳ መጫወት ቀጠለች። በ2022 የአሜሪካ የሴቶች ሊግ ምልመላ ላይ ሳን ዲዬጎ ዌቭ ከሁሉም አስቀድሞ መረጣት። በመጀመሪያ ዓመቷ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም፣ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይም ተባለች። በ2023 የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የዓመቱ ምርጥ ሴት ተጫዋች አላት። በ2024 ፓሪስ ላይ አሜሪካ ብራዚልን 1 ለ 0 ስታሸንፍ የኦሎምፒክ ወርቅ አጠለቀች። በጥር 2025 ቼልሲ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ወሰዳት። በሴቶች እግር ኳስ ይህን ያህል የተከፈለበት ዝውውር ከዚያ በፊት አልነበረም።

ሁላችንም ቤት ናኦሚ አለች ማለቴ አይደለም። የለችም። እንዲህ ያለች ተጫዋች በአንድ ትውልድ አንዴ ብትገኝ ነው። እኔን የሚገርመኝ «ማለዳ» በአንድ ጊዜ የፈታው ችግር ብዛት ነው። መላው ቤተሰብ ስለሚሄድ «ማን ያድርሳት?» የሚባል ጥያቄ የለም። እንደ ክለብ የሚከብድ ክፍያ የለም። «ሴት ልጅና ኳስ» የሚል ዘመድ ቢኖር እንኳ የሁሉም ሴት ልጅ እዚያው ስላለች አፉን ይይዛል። ልጅቷ ደግሞ ኳስን የምታውቀው ከእናቷ ቡናና ከአባቷ ሳቅ ጋር ነው። በኋላ ክለቡ ሲከብዳት የምትመለስበት ነገር አላት። ይህን ለመሥራት ሚሊየነር አላስፈለገም። ጥቂት ወላጆች፣ አንድ መናፈሻ፣ ጥቂት ኳስ።

እዚህ ስንት ሆነን እየኖርን ነው ይህ የሚያቅተን? የምግብ ቤታችን ብዛት፣ የዕድራችን ብዛት፣ የቤተ ክርስቲያናችን ብዛት! ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ላይ ቆሞ ሀበሻ የጠፋበት ሰው አላውቅም።

ስለ ገንዘብ ግልጹን ልናገር፤ ይሉኝታ ስላለብን ነው ዝም የምንለው። የክለብ ኳስ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል። ምዝገባው፣ ማሊያው፣ የውድድሩ ክፍያ፣ ሆቴሉ፣ ቤንዚኑ። ብዙ ክለቦች የክፍያ እርዳታ አላቸው። ፎርም ይሞላል፣ የታክስ ወረቀት ይያያዛል፣ ይጠበቃል። የኛ ሰው ግን ፎርሙን ከሚሞላ ልጁን ማስቀረት ይቀለዋል። «ለኳስ ደግሞ እርዳታ ልለምን?» ይላል። ጠይቁ። ነውር የለውም። እርዳታውን የሚወስዱት ሌሎቹ ያፍራሉ ብላችሁ እንዳታስቡ።

ሌላው ወገን ደግሞ ገንዘቡን የሚያወጣው ስኮላርሺፕ ይመጣል ብሎ ነው። እዚህ ላይ ረጋ እንበል። እስከ 2025 ድረስ አንድ የዲቪዥን ዋን (የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው እርከን) የሴቶች ቡድን መስጠት የሚችለው 14 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበር። ቡድኑ ደግሞ ከ25 በላይ ተጫዋች ይይዛል። ስለዚህ ይቆራረሳል። አንዷ ግማሽ፣ ሌላዋ ሩብ፣ ሌላዋ የመጻሕፍት ታገኛለች። አሁን ሕጉ ተቀይሯል፤ ግን በጀቱን የሚወስነው ያው ትምህርት ቤቱ ነው። ዲቪዥን ሦስት ጭራሽ በስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። የዲቪዥን ዋን አሰልጣኞችም ልጅቷን በቀጥታ ማነጋገር የሚፈቀድላቸው አሥረኛ ክፍል ከጨረሰች በኋላ፣ ከሰኔ 15 ጀምሮ ነው። የ9 ዓመት ልጃችሁን «ኮሌጅ እናስገባታለን» ብሎ የሚያስከፍላችሁ ሰው ካለ ይህን አስታውሱት።

ልጄም የደረሰባትን ልንገራችሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ክለብ ውስጥ ነበረች። በ12 ዓመቷ ባንዴ ተመዘዘች። ቁመት ሲመጣ ቅልጥፍና ለጊዜው ይሄዳል፤ እግሯ ከአእምሮዋ ቀድሞ አደገ እንበል። ከቋሚ ተሰላፊነት ወደ ተጠባባቂ ወንበር፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ቡድን። የተነገረን በኢሜይል ነው፣ ለዚያውም ክፍያው ከተጠናቀቀ በኋላ። «ፍጥነቷ ቀንሷል» አሉ። ልጅ እያደገች ነው እኮ! ትንሽ ቢታገሱ ይመለሳል፤ ተመለሰም። አሁን ሌላ ቡድን ውስጥ የመሀል ተከላካይ ናት፤ ያ ቁመቷ ነው የሚፈለገው። ግን በዚያ ዓመት ማንም ሳይወቅሳት፣ ሳይመርጣት፣ ሳያሰናብታት የምትጫወትበት አንድ ቦታ ቢኖር ስንት ማልቀስ በቀረላት። እሑድ ከሰዓት የምለው ለዚህም ነው።

ስለ ሰውነታቸው ደግሞ እንነጋገር። እናቶች ጎላ አድርገን ልናወራው የሚገባ ነገር ነው፤ አባቶችም ስሙ።

የጉልበት ጅማት መበጠስ በሴት ልጆች ላይ ከወንዶች ይበዛል። ናኦሚን የነካት ይኸው ነው። አደጋው ከፍ የሚለው በጉርምስና ዕድሜ ነው። መላው ግን አለ፤ ለዚያውም በነፃ። ፊፋ ያስተዋወቀው «ኢሌቨን ፕላስ» የሚባል ማሟሟቂያ አለ። 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሩጫ፣ ሚዛን መጠበቅ፣ ዘሎ በትክክል ማረፍ፣ የኋላ ጭንን ማጠንከር። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ሴት ልጆች ላይ ተሞክሮ በ2008 ታትሟል፤ አጠቃላይ ጉዳቱ በሲሶ ገደማ ቀነሰ። እንዲያም ሆኖ ስንት አሰልጣኝ ነው ልጆቹን ሜዳውን አንዴ አስሮጦ ወደ ግጥሚያ የሚገባው! አሰልጣኛችሁን ጠይቁ። ቪዲዮው በየቦታው አለ፤ ሳሎን ውስጥም ይሠራል። ስለ ጭንቅላት ለምትሰጉ ደግሞ፣ የአሜሪካ ፌዴሬሽን ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ 10 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች በቴስታ እንዳይመቱ ከልክሏል። ሰፈር ላይ የሚያስመቱ አጎቶች ይህን ይወቁልን።

ጾም ላይ ልምጣ፤ ለስለስ አድርጌ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ የሚውለውም የጸደይ ውድድር ሲጋጋል ነው። ረመዳንም ዓመቱን እየዞረ የውድድር ወራት ላይ ይደርሳል። ልጆቻችን መጾም ይወዳሉ፤ የሚያኮራ ነው። የወር አበባ የጀመረች፣ በሳምንት አምስት ቀን የምትሮጥ ልጅ ግን ብረት ሊያንሳት ይችላል። ምልክቱ ድካም ነው፤ አሰልጣኙ «ሰነፈች» ይላል፣ እኛ «ስልክ ላይ እያመሸች ነው» እንላለን። ደም ይታይላት። የንስሐ አባቷን ጠይቁ፣ ኢማሙን ጠይቁ፣ ሐኪሟንም ጠይቁ። እስከዚያው የጾም ገበታችን ድሃ አይደለም። ምስር አለ፣ ሽሮ አለ፣ ጎመን አለ፣ ጤፍ አለ። ሎሚ ጨመቅ አድርጉበት፤ ብረቱ ቶሎ ይሰርጻል። ሻይዋን ግን ከምግቡ ጋር አትስጧት፤ ያግደዋል። ከምሳ በኋላ ያለ ሻይ የማይሆንልን ሕዝብ መሆናችንን አውቃለሁ፤ ሰዓት ያህል ይቆይ።

የወር አበባን ካነሳሁ አይቀር፣ ማሊያ ስፖንሰር ለምታደርጉ ምግብ ቤቶችና ሱቆች አንድ ልመና። ነጭ ቁምጣ አታሳትሙ። እንግሊዝ ለ2023 የዓለም ዋንጫ ስትዘጋጅ የሴት ተጫዋቾቿን ነጭ ቁምጣ በሰማያዊ ቀይራለች፤ ተጫዋቾቹ ስለጠየቁ። የ13 ዓመት ልጅ በነጭ ቁምጣ ስታጠቃ ሐሳቧ ኳሱ ላይ አይሆንም። ይህን ብላ ግን አትነግራችሁም። «ዛሬ አሞኛል» ትላለች፣ ቀጥላ «ኳስ ሰለቸኝ» ትላለች፣ ከዚያ አታዩዋትም።

ወላጆች የሚፈሩትን ሌላ ነገርም በጓዳ ብቻ አናውራው። «ልጄን ለማን አምኜ?» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። በ2022 የወጣው የቀድሞዋ የአሜሪካ ተጠባባቂ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሳሊ ዬትስ ምርመራ በአሜሪካ የሴቶች ሊግ ውስጥ የአሰልጣኞች በደል ሥር የሰደደ መሆኑን አሳይቷል፤ ሥሩም ወደ ወጣቶቹ ኳስ እንደሚወርድ ጽፏል። ስለዚህ የእሑዱ ሜዳ ሕግ ከመጀመሪያው ይጻፍ። ማንኛውም ትልቅ ሰው ከአንዲት ልጅ ጋር ለብቻው አይሆንም። ሁልጊዜ ሁለት ሰው። ለልጅቷ የሚላክ የስልክ መልእክት ለወላጅም ይደርሳል። የሚያሰለጥን ሁሉ የጀርባ ማጣሪያውን ያልፋል፣ ሴፍስፖርት የሚባለውን በስፖርት ውስጥ በደልን የመከላከያ ትምህርት ይወስዳል። የሰፈር ሰው ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው ተብሎ የሚታለፍ የለም። ጋሼም ቢሆኑ፣ ዲያቆንም ቢሆን። ፈርቶ ልጅን ቤት ማስቀመጥ ግን መፍትሔ አልሆነኝም። ወላጅ ሞልቶ የተቀመጠበት ሜዳ ላይ ልጅ ብቻዋን የምትሆንበት ጊዜ ይጠፋል።

አባቶች፣ ከእናንተም ጋር ትንሽ ጉዳይ አለኝ። ኳስ ስለምታውቁ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስና ቡና ስትሉ አድጋችኋል፤ አርሰናል ሲሸነፍ እራት የማይበላ ሰውም ቤቴ ውስጥ አለ። ልጅቷ ግን ኳሱ ገና እግሯ ሳይደርስ «ምቺው!» ስትሏት፣ አሰልጣኟ በሌላ በኩል «ያዢው» ሲላት፣ በሁለት አለቃ መሀል ቆማ ትቀራለች። ወደ ቤት ስትመለሱም መኪና ውስጥ ጨዋታውን አትተንትኑ። ርቧት ነው፤ አብሏት። ጎን ለጎን ግን በመምጣታችሁ አመሰግናለሁ። አባቷ ዳር የቆመላት ልጅ ትለያለች፤ አካሄዷ ራሱ ይለያል።

«ሴት ልጅና ኳስ ምን አገናኛቸው?» ለሚሉት ትልልቅ ሰዎቻችን መልሱን ሎዛ አበራ ሰጥታናለች። ዱራሜ ተወልዳ፣ በደደቢትና በንግድ ባንክ ተጫውታ፣ ማልታ ለቢርኪርካራ ጎል ስታዘንብ ቆይታ፣ በ2024 እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ ፓወር ለሚባለው የሴቶች ክለብ ፈረመች። የቡድኑ ሜዳ አውዲ ፊልድ ነው፤ ከብዙዎቻችን ቤት ሩቅ አይደለም። ስንቶቻችን ሴት ልጆቻችንን ይዘን ሄድን? አገር ቤትም ቢሆን እየታገሉ ነው። የኢትዮጵያ ከ17 ዓመት በታች ሴቶች ለ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ለማለፍ በመጨረሻው ዙር ከናይጄሪያ ጋር ተገናኙ። በደርሶ መልስ 1 ለ 0 ተሸንፈው ቀሩ። ናይጄሪያዎቹ ሕንድ ሄደው የነሐስ ሜዳሊያ ይዘው ተመለሱ። በመሀላቸው የነበረው አንዲት ጎል ናት። የ16 ዓመት ልጆች ናቸው እኮ! ያን ጊዜ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ፈልጌ እዚህ ሰፈር ላገኝ አልቻልኩም። የሊቨርፑልን ተጠባባቂዎች ግን ሁሉም በቃሉ ያውቃል።

ለፌዴሬሽኑ ያለኝን ልናገር። ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በሐምሌ መግቢያ ከየከተማው ሰብስባችሁን ኖራችኋል። ብዙዎቻችን ከዘመድ የተገናኘነው፣ አንዳንዶቻችንም የተጋባነው እዚያ ነው። የውድድሩ ዋና መድረክ የወንዶቹ ክለቦች ፍልሚያ ነው፤ እሱ ይቀጥል። የምጠይቀው የ12 እና የ14 ዓመት ሴት ልጆች ከየከተማው ቡድን ሠርተው በዋናው ሜዳ፣ ሕዝብ ቁጭ ባለበት ሰዓት፣ ስማቸው በድምፅ ማጉያ እየተጠራ እንዲጫወቱ ነው። ፀሐዩ ሳይወጣ፣ ሰው ሳይገባ በሚደረግ ጨዋታ አይሁን። የአትላንታ ልጅ ከሲያትል ልጅ፣ የሚኒሶታዋ ከዳላሷ ትገናኝ። ዓመቱን ሙሉ የምትለማመድለት ነገር ታገኛለች። ዝግጅቱ ደግሞ ከየከተማው የእሑድ ሜዳ ይጀምራል።

በሃይስኩልና በኮሌጅ የተጫወታችሁ ወጣት ሴቶቻችን፣ የት ናችሁ? እናንተን ነው ከሁሉም በላይ የምፈልገው። ትንንሾቹ እኔን ይወዱኛል፤ ግን እኔ ኳስ ሳስቆም በጫማዬ አፍንጫ ነው። ፀጉሯን ተሠርታ፣ ስሟ ሰላም ወይም ሐና ወይም ነኢማ የሆነ፣ ኳስ በደረቷ አብርዳ የምታወርድ የ20 ዓመት ልጅ ሲያዩ ግን ዓይናቸው ይፈጣል። በወር አንድ እሑድ ብትመጡ ይበቃል። ቤንዚኑን እኛ እንችላለን።

አሁን ወደ ወረቀቱ ጉዳይ። ይህን ደብዳቤ ለማኅበራት የጻፍኩበት ምክንያት ቀላል ነው። ሜዳው የካውንቲ ነው። በቋሚነት ለመያዝ ፈቃድ ይወጣል። ለፈቃዱ ኃላፊነት የሚወስድ ድርጅትና የተጠያቂነት ኢንሹራንስ ይጠየቃል። እኔ ግለሰብ ነኝ፤ ስሜ አይበቃም። የተመዘገበ ማኅበር ያላችሁ፣ ለበዓል አዳራሽ ስትከራዩ ኢንሹራንስ የምትገዙ፣ እናንተ ትችላላችሁ። ገንዘብ አልጠየቅኩም። ስማችሁንና ፊርማችሁን ነው። የሜዳውን ኪራይ ወላጆች ተከፋፍለን እንሸፍናለን፤ የማይችል አይከፍልም፣ ማን እንዳልከፈለም አይታወቅም።

የጸደይ ሜዳ ቀድሞ ነው የሚያዘው፤ ዘግይቶ የጠየቀ የሚደርሰው ጨለማ ወይም ጭቃ ነው። ስለዚህ ከየማኅበሩ አንድ ሰው ተወክሎ በመጪው ወር ውስጥ አንድ ቀን እንገናኝ። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይሁን፣ ቡና ቤት ይሁን፣ ለኔ ግድ የለም። የማሟሟቂያውን ዝርዝርና የሕጉን ረቂቅ በአማርኛ ጽፌ ይዤ እመጣለሁ። የሚነቅፍ ይንቀፍ፣ የሚጨምር ይጨምር። ኳሱም ኮኑም መኪናዬ ውስጥ አለ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የሁለት ሴት ልጆች እናትና የትንንሾቹ ረዳት አሰልጣኝ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ